የአባቴ ድምፅ የተቆለፈበት ቁጥር

አባቴ ዲማ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ሁሉ የኔታ ይሏቸዋል። እኔም ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ ጥቂት ዜማ ቀጽዬ ስለነበር፣ የኔታ እንዳልኳቸው ቀረሁ።

የጉሮሮ ሕመም ዜማውን ሳይወስድባቸው በፊት፣ ስንት ተለምነው ድምፃቸውን አስቀዱ። «ከመምህር አፍ ያልተቀበሉት ዜማ ምን ዜማ ነው!» እያሉ ሲያጉረመርሙ ከርመው ነው እሺ ያሉት። ቅጂው ደብረ ማርቆስ እኔ ዘንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ተቀመጠ። በኋላ ከፎቶ ኮፒ ቤት በመጣ ፍላሽ ቫይረስ ገባና ፋይሉን ሁሉ ቆለፈው። ክፈሉና እከፍታለሁ የሚል መልእክት ትቶ ነበር፤ ብንጽፍለት መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ፋይሉ ስሙም መጠኑም ሳይጓደል ቁጭ ብሏል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። የኔታ በዚያን ጊዜ የቀራቸው ሹክሹክታ ብቻ ነበር።

የሚያናድደው ደግሞ እኔ ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ይህንኑ የመቆለፍ ሒሳብ መሆኑ ነው። መቆለፊያው ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች፣ ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው፣ ተባዝተው የሰጡት አንድ ግዙፍ ቁጥር ነው፤ ሁለቱን ያገኘ ይከፍተዋል። ማባዛቱ ቀላል ነው፤ መልሶ መለየቱ ነው መከራው። ወንፊት የምንለው ዘዴ አካፋዮችን አንድ በአንድ እየሞከረ አይደክምም። ብዙ ቁጥሮችን እየነፋ፣ በትንንሽ ብቸኛ ቁጥሮች ተከፋፍለው የሚያልቁትን ብቻ ይለቅማል፤ እነሱን አጣምሮ የተደበቁት ሁለቱ ዘንድ ይደርሳል።

ለበዓል ተማሪ ሲበተን የቤተ ሙከራውን ኮምፒውተሮች አስፈቅጄ ወንፊቱን ጀመርኩ። ለሙከራ የሰጠሁትን አነስተኛ ቁጥር ከምሳ በፊት ለየው፤ ብቻዬን አጨበጨብኩ። የቫይረሱ ቁጥር ግን ከስድስት መቶ አሃዝ በላይ ነው። እንደማይሆን አውቅ ነበር። «ባንኮች ተማምነው የሚያድሩት ይህ ስለማይቻል ነው» እያልኩ በኩራት የማስተምረው እኔው ነኝ። ሆኖም ሞከርኩ፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። መሃል ላይ መብራት ሄደ። መብራት ኃይልን ልረግም አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ዕድሜዬን ሙሉ ባይጠፋስ ምን ሊፈይድልኝ!

የኔታ ለሕክምና መጥተው እኔ ቤት አርፈው ነበር። ስገባ ፊቴን አይተው ገባቸው።

«ሰው አይደል የቆለፈው? ሰው የቆለፈውን ሰው እንዴት ያቅተዋል?» አሉ በሹክሹክታ።

«ያቅተዋል፣ የኔታ። ቁልፉ ከጠፋበት የቆለፈውም ራሱ አይከፍተውም።»

«ታዲያ ምኑን ተማርከው ልጄ?»

ቁጣ የለበትም፤ የምር እየጠየቁኝ ነው።

መልሴን ሳይጠብቁ «በል እንግዲያ፣ አንተ ዘንድ የቀረውን አሰማኝ» አሉኝ።

በልጅነቴ የቀጸልኩትን አንድ ዜማ ጀመርኩላቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ተከተሉኝ። ሁለተኛው ሐረግ ላይ ጠፋኝና ቆምኩ።

ጣታቸው ግን አልቆመም። እኔ የጠፋኝን ዜማ እስከ መጨረሻው ጉልበታቸው ላይ መቱት።