እናቴ ድንገተኛ ክፍል የዋለችበት የፋሲካ ገበያ

የፋሲካ ገበያ ሲደራ ሸማ ተራ ውስጥ ቁጭ ብሎ መብላት የሚባል ነገር የለም። እኛ ሙስሊሞች ነን። እናቴ በልጅነቷ ከወሎ መጥታ እዚሁ መርካቶ ያደገች ሴት ናት። የነጠላ ሱቃችን ግን ዋናውን ሥራ የሚሠራው በክርስቲያኑ በዓል ሰሞን ነው። በዚያ ሳምንት ደንበኛ በሩ ላይ ተደራርቦ ይቆማል። አንዷ ጥለት ትመርጣለች፣ ሌላዋ የመረጠችውን ትመልሳለች፣ ከኋላ የቆመችው ደግሞ በሰው ትከሻ ላይ እጇን ዘርግታ "እትዬ፣ ያንን አረንጓዴውን ያውርዱልኝ" ትላለች። እናቴ አንዷንም ሳታስቀይም ሁሉንም ታስተናግዳለች።

ያን ቀን የስኳር ኪኒኗን ቤት ውጣ ወጣች። ቁርሷን ሱቅ ስደርስ እበላለሁ ብላ በፌስታል ያዘች። ስንደርስ ገዢ ቀድሞን ቆሞ ስለነበር ፌስታሉ ሳይፈታ መደርደሪያው ሥር ቀረ። ረፋዱ ላይ አንዲት ደንበኛ የቀሚስ ልክ ስትጠይቃት "በሩን ዝጉት፣ ዝናብ ገባ እኮ" ብላ መለሰችላት። ውጭው ፀሐይ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፣ ቀኝ እጇ የያዘውን ነጠላ ለቆታል፣ አፏ ወደ አንድ ወገን የተጣመመ መሰለኝ። "እማ" ብዬ ሳልጨርስ ተዝለፍልፋ የጨርቅ ክምር ላይ ወደቀች።

ቀድመው የደረሱት ከፊት ለፊታችን ጋቢ የሚሸጡት ጎረቤታችን ናቸው። ጉራጌ ናቸው፣ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከእናቴ ጋር ደንበኛ ሲሻሙ ነው ያረጁት። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ስትሮክ ነው አለ፣ አንዷ ውሃ አምጡ አለች፣ ሌላዋ ዱዓ ይደረግላት አለች።

"ዱዓውን መንገድ ላይ እናደርጋለን" አሉ ጋሼ። "መጀመሪያ ሆስፒታል ትድረስ።"

ሸማ ተራ ውስጥ በበዓል ሰሞን መኪና አይገባም። አንድ ተሸካሚ ማንም ሳይጠራው የጫነውን ጨርቅ ከእጅ ጋሪው ላይ መንገዱ ዳር አራገፈ። ጋሼ ከሱቃቸው አዲስ ጋቢ አምጥተው ጋሪው ላይ አነጠፉ፤ አንሥተን አስተኛናት። እኔ ሱቁን ዞር ብዬ ሳይ ጋሼ አይተውኝ "ሂጂ፣ እኔ አለሁ" አሉኝ።

ተሸካሚው "መንገድ፣ በሽተኛ ነው" እያለ ጋሪውን ገፋ። መርካቶ ተወልጄ ባድግም ያ ሕዝብ እንደዚያ ሲከፈል አይቼ አላውቅም። ለመኪና ጥሩምባ ዞር የማይለው ሰው ግድግዳ ላይ ተለጠፈልን። የተዘረጋ ሸቀጥ ከፊታችን እየታጠፈ ይነሣ ነበር። ወደ አብነት የሚወስደው መንገድ ስንደርስ አንድ ሞልቶ ሊነሣ የነበረ ሚኒባስ ቆመልን። ወያላው ገና ሳይናገር ተሳፋሪዎቹ ራሳቸው እየተደጋገፉ ወረዱ። ከመካከላቸው አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት የእናቴን ራስ ደግፋ እስክናስገባት ቆየች። ተሸካሚውም አብሮን ገባ፤ ከዚያ በሩን ዘጋችልን። ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለ መንግሥት ሆስፒታል ሲወራ የሰማሁት ሁሉ መንገዱን ሙሉ በአእምሮዬ ይመላለስ ነበር። ሰው ኮሪደር ላይ ይረሳል፣ የሚያውቁት ከሌለ ዞር ብሎ የሚያይ የለም ሲባል ነው የኖርኩት። በር ላይ ባገኘነው ቃሬዛ አስተኝተናት ድንገተኛ ክፍሉ ስንገባ ያየሁትም የሚያጽናና አልነበረም። ወንበሮቹ ሞልተው ሰው ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ኮሪደሩ ላይ አልጋ ከአልጋ ተጠጋግቷል። አንድ ሽማግሌ ያቃስታሉ፣ ከወዲያ ሕፃን ያለቅሳል።

በሩ አጠገብ በሽተኛ የምትለይ አንዲት ነርስ ነበረች። ጠና ያለች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። እኛ አፋችንን ሳንከፍት ከወንበሯ ተነሥታ ነበር። የእናቴን እጅ ይዛ ላቡን በመዳፏ ነካችውና ወደ እኔ ዞረች።

"ስኳር አለባቸው?"

"አዎ ሲስተር።"

"ኪኒን ነው ወይስ መርፌ?"

"ኪኒን። ጠዋት ውጣለች።"

"ቁርስስ?"

"ሳትበላ ቀረች።" ይህን ስትጠይቀኝ የእናቴን ጣት ወግታ ደሟን መለኪያው ላይ አድርጋለች። ቁጥሩን አየችና ለጓደኛዋ "ግሉኮስ፣ አሁን" አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ጓደኛዋ ግን ሮጠች።

በዚህ መሃል አንድ ሰውዬ ከተሰለፉት መካከል ተነሥቶ መጣ። ወንድሙ እጁ ተሰብሮ ተቀምጧል። "እኛ ከነሱ በፊት ነው የመጣነው፤ እዚህ ተራ የለም?" አለ። እኔ አሁን ጠብ ሊነሣ ነው ብዬ ፈራሁ። ነርሷ የእናቴን የደም ሥር እየፈለገች፣ ቀና ሳትል መለሰችለት።

"ወንድምህን አይቼዋለሁ። እጁ ተሰብሯል፣ በጣም ያመዋል፤ ማስታገሻም ሰጥተነዋል። እሱ ቢያመውም ይጠብቀናል። እኚህ እናት ግን አይጠብቁንም።" ቀጥላም "ጠንካራ ትመስላለህ፣ በዚያ በኩል አንሣልኝ" አለችው።

ሰውዬው እጁን ሰደደ። ከተሸካሚው ጋር ሆኖ እናቴን ከቃሬዛው ወደ አልጋ አዛወራት፤ ከዚያም ወደ ወንድሙ ሄደና ተቀመጠ።

መድኃኒቱ ቀስ እያለ በደም ሥሯ ገባ። ነርሷ በአንድ እጇ መርፌውን ይዛ፣ በሌላው የእናቴን ጉንጭ እየነካካች "እናቴ፣ ይሰሙኛል? እናቴ" ትላለች። እኔ እግሯን ይዤ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ የተጣመመው አፏ ተቃና። ቀጥሎ ቅንድቧ ተነቃነቀ። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ጣራውን፣ ነርሷን፣ እኔን በየተራ አየች። ሞታ የተመለሰች ያህል ነበር ለእኔ።

እናቴ ግን መጀመሪያ ያደረገችው የተኛችበትን አንሶላ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል አድርጋ ማሸት ነው። የሃያና የሠላሳ ዓመት ልማዷ ነው፣ ጨርቅ ካገኘች ትዳስሳለች።

"ይሄ ጥጥ የለበትም" አለች በደከመ ድምፅ። "ሲያልብ ይለጠፋል።"

ነርሷ ሳቀች። ያን ቀን ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እንባዬ መጣ።

ስትሮክ አልነበረም። ኋላ አንድ ወጣት ዶክተር መጥቶ አስረዳን። ስኳር ከልክ በታች ሲወርድ አእምሮ የሚበላው ያጣል፤ ሰውም እንደ ስትሮክ ይሆናል። ቶሎ ካልተደረሰለት ግን ጉዳቱ ላይድን ይችላል። እናቴ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው። ሲጨርስ "እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ እንግዲህ ልሂድ፣ ገበያ ነው" አለችው።

"አይሆንም እናቴ። የዋጡት ኪኒን ገና በሰውነትዎ ውስጥ ነው። ስኳሩን መልሶ ሊያወርደው ይችላል። ነገ ጠዋት ነው የሚወጡት።"

"እስከ ከሰዓት ልቆይልህ።"

"እስከ ነገ።"

"እንግዲያው እስከ ማታ።"

"እስከ ነገ" አለ ዶክተሩ ፈገግ ብሎ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ "ይሄ ልጅ ዋጋ አይቀንስም" አለችኝ። ቢሆንም ልቧ አላረፈም። ጋሼ ከአንድ ዘመዳቸው ጋር ሾርባና ዳቦ ልከውልን ነበር። መልእክተኛው ጋሼ የራሳቸውን ሱቅ ዘግተው የእኛን ነጠላ እየሸጡ መሆናቸውን ሲነግራት እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። የጋቢ ነጋዴ በፋሲካ ገበያ ሱቁን ዘጋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ ይበልጥ ልሂድ አለች። ሾርባውን ጥቂት ቀምሳ ተወችው።

ከሰዓት በኋላ ጫማዋን እንዳመጣላት እየጨቀጨቀችኝ ሳለ ንግግሯ ተጎተተ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ነርስ ልጠራ ዞር ስል ያቺው ሴት መለኪያዋን ይዛ እየመጣች ነው። ስንቱን በሽተኛ እያየች የእኛንም ሰዓት ይዛ ነበር ማለት ነው። ደግማ ወጋቻት፣ ደግማ ግሉኮስ ሰጠቻት። በደም ሥር የሚንጠባጠብ ግሉኮስም አንጠለጠለችላት። እናቴ ስትመለስ የት እንዳለች ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

"አሁንም ሄድኩ እንዴ?" አለችኝ።

"ሄደሽ ነበር እማ።"

ከዚያ በኋላ ስለ ገበያው አላነሣችም። ሾርባውን አሙቂልኝ ብላ ጨረሰችው።

እኔ አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ያንን ቤት ሳይ ዋልኩ። የሚያስከፋም አላጣሁም፤ አልጋ ያጣ ነበር፣ ሲጠብቅ የመረረው ነበር። የሚሠሩት ግን አልተቀመጡም። የፅዳት ሠራተኛዋ ደም ጠርጋ ሳትጨርስ ሌላ ይፈሳል፤ እጅዋን ሳታጥፍ ትመለሳለች። ወጣቱ ዶክተር ዳቦውን ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ አስቀመጠው። ያ የወንድሙ እጅ የተሰበረበት ሰውዬ ጄሶ አስደርጎለት ሲወጣ በእኛ በኩል አልፎ "እናታችን እንዴት ሆኑ?" ብሎ ጠየቀኝ።

በማግስቱ ዶክተሩ ኪኒኑን ለውጦ አሰናበተን። ጋሼ ሱቁ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። "ነጠላ መሸጥ እንዲህ ልብ የሚያደርቅ ከሆነ መውደቅሽ አይገርምም" አሉ። እናቴ ሳቀች፤ ቀጥላም ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። አይሆንም እያሉ እጃቸውን ቢስቡም አለቀቀቻቸውም።

ከበዓሉ በኋላ እናቴ ከሱቁ ምርጥ የሆነውን ነጠላ አጣጥፋ "ወደዚያች ልጅ ውሰጂኝ" አለችኝ። ሄድን። ነርሷ እዚያው በር ላይ ናት። እናቴን ትኩር ብላ አየቻትና አፈረች።

"ይቅርታ እናቴ፣ አላስታወስኩዎትም። ብዙ ሰው ነው የሚመጣው።"

"ማስታወስ ያለብኝ እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽም" አለቻት እናቴ፣ ነጠላውን እየዘረጋችላት።

ነርሷ በሁለት እጇ መለሰችው። "ይሄን አንቀበልም። ምርቃት ግን እንቀበላለን።"

የወሎ ሰው በምርቃት ይታወቃል፤ ወሎዬን መርቂኝ ማለት ነው እንግዲህ። እናቴ ነጠላውን ለእኔ ሰጥታ ሁለት መዳፏን ዘረጋች። "እጅሽ አይዛል። የነካሽው ይዳን። የደከምሽለት ደጅሽ ድረስ መጥቶ ያመስግንሽ። ልጅ ካለሽ ይባረክልሽ፣ ከሌለሽም አላህ ይስጥሽ። ታመሽ እንዳንቺ ያለ አይጥፋብሽ" አለች። ነርሷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ትሰማለች። በአጠገቧ ያለፈችው ጓደኛዋ ቆመች፣ ጥበቃው ቆመ፣ ወንበር ላይ የተቀመጡት አስታማሚዎችም መዳፋቸውን ዘረጉ። ከፊሉ አሚን፣ ከፊሉ አሜን አለ።

በዚህ መሃል ከውጭ አንድ ቃሬዛ እየተገፋ ገባ። ነርሷ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገችና ሄደች፤ እኛም መንገድ ለቀቅን።