ነቀርሳ ያልኩት ሳል

በእጄ ከሞቱብኝ በሽተኞች ይልቅ የምትቆጨኝ አንዲት የዳነች ልጅ ናት።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ቡታጅራ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ከሰሜን ተመድቤ መምጣቴ ነው፤ ዕድሜዬ ሠላሳ አልሞላም። ሐኪሙ ከአዲስ አበባ በወር አንዴ፣ እሱም መንገዱ ከፈቀደለት ብቻ ይመጣል። በቀሩት ቀናት አዛዡም ታዛዡም እኔ ነኝ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ሲያሰኘኝም እቆጣለሁ።

ልጅቷን ያመጧት እናቷ ናቸው። አባቷ የመስቃን ሰው፣ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ለአንድ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ታጭታለች። ኒካው ከአረፋ በኋላ እንዲታሰር ቀን ተቆርጧል።

«ሳሉ ሳይለቃት እንዴት ትዳራለች? ልጁን ደግሞ ትወደዋለች» አሉኝ እናቷ። ልጅቷ አፍራ በሻሿ አፏን ሸፈነች፤ ስትስቅ ሳሉ ተነሳባት።

ሳሉ ደረቅ ነው። ራሷን ያማታል፣ ሲመሽ ትኩሳት ይነሳባታል፤ ግን በእግሯ ነው የመጣችው፣ ውኃም ትቀዳለች። ደረቷን ሳዳምጥ ይህ ነው የሚባል ድምፅ አልሰማሁም። የሳንባ ምች ነው ብዬ ሰባት ቀን ፔኒሲሊን ወጋኋት። ጭራሽ ከሳች።

እኛ ድሬሰሮች የትም ያልተጻፈ ሕግ ነበረን፤ ፔኒሲሊን ያላቆመው የወጣት ሳል ነቀርሳ ነው። ብዙ ጊዜ ልክ ስለሚሆን ጠርጥረነው አናውቅም። ልመርምር ብል የሚመረመር አክታ የላትም፤ ራጅ ያለው አዲስ አበባ ነው። ሐኪሙ እስኪመጣ አሥር ቀን ብታገሥ ምን ነበረበት? እኔ ግን እናቷን ጠርቼ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

«የሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም። ኩባያዋን ይለዩላት፤ ከልጆቹ ጋርም አትተኛ።»

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ደጁን ሞልቶታል። በሩን እንኳ አልዘጋሁትም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በዚያ አገር ለጋብቻ ሲጠያየቁ ከሀብት በፊት የሚጣራው የቤቱ በሽታ ነው። የእጮኛዋ አክስቶች ሊጠይቋት መጡ ተባለ። እናት ልጆቹ ተሳስተው እንዳይጠጡበት ብለው የልጅቷን ኩባያ ቀይ ክር አስረውበት መደርደሪያው ጫፍ ላይ ለብቻው አስቀምጠውታል። አክስቶቹ ያንን አዩ፤ ስለ በሽታዋ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ፣ አላህ ይማርሽ ብለው ሄዱ። በሳምንቱ ሽማግሌዎች መጥተው እጮኝነቱን አፈረሱ።

ከዚያ ሐኪሙ መጣ። እኔ ያልጠየቅኳትን ጠየቃት።

«ካንቺ በፊት ቤታችሁ ውስጥ ያሳለው ሰው ነበር?»

«ወንድሜ ነበረ። ከሱም በፊት አብሮት የሚማረው የጎረቤት ልጅ። ሁለቱም ግን ሳይታከሙ ለቀቃቸው።»

ወደኔ ዞረ። «ነቀርሳ እንዲህ በሳምንታት ውስጥ ከቤት ቤት ዞሮ፣ ሳይታከሙት ለቆ አይሄድም። ይህ ሌላ ዓይነት የሳንባ ምች ነው። ወጣቶችን አልጋ ላይ ሳይጥል በእግራቸው እያስኬደ ያማል። ፔኒሲሊን አይነካውም።»

ቴትራሳይክሊን አዘዘላት። እንክብሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቁም ሳጥናችን ውስጥ ነበር፤ እኔ ቅማል ለሚያመጣው የግርሻ ትኩሳት ብቻ ነበር የማውቀው። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ፤ ሳሉም እየቀነሰ ሄዶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጨርሶ ለቀቃት። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ብቻዋን መጣች። ፊቷ ሞልቷል።

«ጋሼ፣ ድኛለሁ አይደል?»

«ድነሻል።»

«እንግዲያው ያኔ ሳያውቁ ተናግረውብኛል፤ አሁን አውቀው ይናገሩልኝ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር። እዚሁ ጠብቂኝ ብያት ሄድኩ።

የጨርቅ ነጋዴው ሱቃቸው ውስጥ ወንበር ሰጥተው፣ ሻይ አስመጥተው በክብር ተቀበሉኝ። ልጃቸው ከባንኮኒው ጀርባ ጨርቅ በክንዱ ይለካል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ ነቀርሳ ኖሮባት አያውቅም፣ ዛሬ ፍጹም ጤነኛ ናት አልኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ልጄ» አሉ፣ «ያኔ ነቀርሳ ነው ያልከው አንተ ነህ። ዛሬ አይደለም የምትለውም አንተ ነህ። የቱን ልመን?»

ሻዩን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ።

«ባምንህስ? እኛ ሌላ ቤት ሽማግሌ ልከናል፤ እሺ ብለውናል። ያቺኛዋን ምን አድርጋ ልተዋት?»

ልጁን አየሁት። ሁሉንም ሰምቷል። ጨርቁን አጠፈ፤ ዘረጋና እንደገና ለካው። ቀና አላለም።

ስመለስ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አባትየው ያሉትን ሳልቀንስ ነገርኳት፤ ከእንግዲህ ልዋሻት አልፈለግሁም። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ሻሿን አስተካክላ ልትሄድ ጥቂት ከተራመደች በኋላ ቆመች።

«እሱስ እዚያ ነበረ?» አለችኝ።

«አልነበረም» አልኳት።

አመነችኝ።