አባቴ ለእናቴ ያመጣላት የነበረው ለስላሳ

አባቴ ቅዳሜ ከቡሬ ገበያ ሲመለስ ከጋቢው ስር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሳይዝ አይመጣም ነበር። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚያርስና የሚቀድስ የገጠር ቄስ ነው። ለሚስቱ ያለውን ፍቅር በሰው ፊት የሚያሳይ ዓይነት ሰው አልነበረም። ጠርሙሱን ለእኔ ይሰጠኝና፣ «ለእናትሽ ስጫት፤ ገበያ ላይ ተርፎ ነው» ይላል። ለስላሳ ገበያ ላይ እንዴት እንደሚተርፍ ማናችንም ጠይቀነው አናውቅም። እናቴ ጓዳ ገብታ፣ ጀርባዋን ወደ በሩ አዙራ፣ ቀስ እያለች ትጠጣዋለች።

በልጅነቴ በቤታችን ጣፋጭ የሚባለው ማር ነበር። እሱም በዓመት አንዴ ይቆረጥና ለበዓል ብርዝ፣ ለሳል መድኃኒት ይቀመጥለታል፤ የቀረው ይሸጣል። ስኳር የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ከሚሊኒየሙ ወዲህ ግን ሱቅ እስከ እኛ ቀበሌ ድረስ ገባ። ብስኩቱ፣ ከረሜላው፣ በውሃ የሚበጠበጠው የጁስ ዱቄት ሁሉ መጣ። እናቴ ሻይ ላይ ስኳር ስትጨምር እጇ አይሰስትም። «በልጅነቴ ያልጠጣሁትን ነው አሁን የምጠጣው» ትለን ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ዓመት ለጥምቀት ቤት ስገባ እናቴን ቀሚሷ ሰፍቷት አገኘኋት። ውሃ ጥም አላስቀምጥ ብሏታል፤ እንስራው ስር ተቀምጣ ትውላለች ማለት ይቻላል። አባቴ መጠማቷን አይቶ ለስላሳውን አበዛላት። የቅዳሜው አልበቃ ብሎት ቡሬ በሚወርድ ሰው ሁሉ ያስመጣላት ጀመር። እሷ ስትጠጣ ይባስ ይጠማታል፤ እሱ ሲጠማት ያይና ይጨምርላታል።

ሁለቱንም ይዤ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ሄድን። ከጣቷ ደም ወስደው ለኩ። ወጣቱ ሐኪም ውጤቱን አይቶ፣

«እማማ፣ ስኳር አለብዎት» አላት።

«ያለኝስ ጓዳ ነው፤ እሱም እያለቀ ነው» አለችው።

ሐኪሙ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። አባቴ አልሳቀም። መቋሚያውን በሁለት እጁ ይዞ፣

«ልጄ፣ ይሄ በጠርሙስ የሚመጣው ለስላሳ ነው ያሳመማት?» ብሎ ጠየቀው።

ሐኪሙ ወደ አባቴ ዞረ። «በእሱ ብቻ ነው ብልዎ እዋሻለሁ፣ አባ። በሽታው በዘር ይመጣል፣ ከዕድሜ ጋርም ይመጣል። ግን እዚያ ውስጥ ያለው ስኳር እጅግ ብዙ ነው። እንደ እህል ታኝኮ፣ ተፈጭቶ፣ ቀስ ብሎ አይደለም የሚገባው፤ ባንዴ ደም ውስጥ ይደፋል። ጤነኛውንም ሰው ቢያዘወትረው ይጎዳዋል። ለእርሳቸው አሁን ጨርሶ አይሆንም።»

«ማርስ?» አለ አባቴ፣ ፊቱ በራ ብሎ። «ማር እኮ ከፋብሪካ አልመጣም። ንብ ናት የሠራችው።»

«ሆድ ይሄ ከፋብሪካ ነው፣ ይሄ ከንብ ነው ብሎ አይለይም፣ አባ።»

ወደ ቡሬ በሚመለሰው አውቶቡስ ላይ አባቴ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ብዙ መንገድ ሄደ። በመጨረሻ በቀስታ፣ «እኔው ነኝ እንግዲህ። በገዛ እጄ» አለ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ተርፎ ነው ይሉኝ አልነበር? የተረፈ ነገር ማንን ይጎዳል?» አለችው።

አባቴ በጋቢው ስር እጇን ሲይዛት አየሁ። እስከዚያን ቀን እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

ቤት እንደደረሰ ስኳሩን ለጎረቤት ሰጠ። የቀረችውን የማር ቅልም ለቤተ ክርስቲያን አደረገ። የራሱንም ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረ፤ ሲውጠው ፊቱ ይኮሳተራል፣ ሲጠየቅ «ለመድኩት» ይላል። ያስቸገረው ጠያቂው ነበር። በአካባቢያችን የታመመ ሰው ሲጠየቅ ለስላሳና ብስኩት ይዞ መሄድ ወግ ሆኗል። ስለዚህ በስኳር የታመመች እናቴን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ስኳር ይዞ መጣ። እሷም እንግዳ እንዳይቀየማት ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ትቀምሳለች። ማሸጊያዎቹን እኔ አነብባለሁ፤ በብስኩቱም፣ በጁሱም፣ የጾም ነው ተብሎ በመጣው ኬክም ላይ፣ ከተሠሩበት ነገር ዝርዝር ውስጥ ስኳር ከፊተኞቹ ተርታ ተጽፏል።

አንድ እሁድ ቤቱ በጠያቂ በተሞላበት አባቴ ጸሎት አድርሶ ሲያበቃ አልተቀመጠም። «ወገኖቼ፣ እግራችሁ ይባረክ» አለ። «ይቺን ሴት የምትወዷት ከሆነ ጎመን አምጡላት። ከጓሯችሁ ቃሪያም ቢሆን፣ እሸት ሽንብራም ቢሆን። ጠላቷን በሳጥን አታምጡባት፤ እሱን እኔ ስንት ጊዜ አመጣሁላት።» ሰው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ አንዷ ሳቀች፣ ሁሉም ተከተላት። ከዚያ ወዲህ ጓዳችን ጎመን በጎመን ሆነ።

እናቴ ሐኪሙ ያዘዘላትን ኪኒን እየዋጠች ተሻላት፤ ሥጋዋም ተመለሰ። እኔም ሁሉ ነገር ያበቃ መሰለኝ።

ፍልሰታ ገባ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ቤት ነበርኩ። እናቴ ኪኒኗን በጠዋት ትውጥና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ይህን እንዳታደርግ ሐኪሙ ነግሯታል፤ እሷ ግን ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምሮ ፈትታ አታውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ በሚወርድበት፣ መደብ ላይ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትላለች። እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ። ቀና ስል ፊቷ በላብ ርሷል፣ እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ። ስጠራት የማይገናኝ ነገር መለሰችልኝ፤ በሟች እህቷ ስም ጠራችኝ። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ስኳሯ ከመጠን በታች ወርዷል ማለት ነውና ጣፋጭ ነገር ቶሎ ስጫት ብሎኝ ነበር።

«አባባ፣ ስኳር» አልኩት። «አሁኑኑ ስኳር ያስፈልጋታል።»

አባቴ ጓዳ ገባና ባዶ እጁን ወጣ። በቤቱ አንዲት ቅንጣት ጣፋጭ የለም፤ ሁሉንም ያወጣው እሱ ነው። ጥምጥሙን እንኳ ሳያደርግ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ከአባቴ ሩጫ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን በጭቃው እየተንሸራተተ ወደ ጎረቤት ሮጠ። ሲመለስ ከረጠበው ጋቢው ስር ያወጣው ጎረቤታችን ለልጆቿ ገዝታ ያስቀመጠችውን ለስላሳ ነበር። ራሷን ደገፍኩ። አባቴ መዋጥ መቻሏን እያየ በስኒ ጥቂት ጥቂት አጠጣት። ስኒው ከጥርሷ ጋር ይጋጫል።

ቆይቶ ላቧ ቆመ። ዓይኗ ጠራና አባቴን አየችው፤ ቀጥሎም ጠርሙሱን።

«አንቱ ከልክለውኝ፣ አንቱው ያጠጡኛል?» አለችው።

አባቴ ስኒውን አስቀምጦ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። 

በማግስቱ የእናቴን የንስሐ አባት ይዞ መጣ። እሳቸውም፣ «ለሕመምተኛ ጾሙ እንዲህ አይደለም። ኪኒንሽን ስትውጪ ቁርስሽን ትበያለሽ፤ እምቢ ካልሽ ያን ጊዜ ነው ንስሐ የምሰጥሽ» አሏት። እሺ አለች። ግን በፍልሰታ ጠዋት ብቻዋን እንጀራ መቁረስ አሳፈራት፤ ጉርሻውን ይዛ ትቆያለች። አባቴ ይህን ሲያይ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ከማዕዷ ፊት ለፊት ይቀመጥ ጀመር። እሱ አይቀምስም፤ እሷ በልታ እስክትጨርስ ግን ከዚያ አይነሳም። ትንሽ ስኳርም በላስቲክ ተቋጥራ ከኪኒኑ አጠገብ ተቀመጠች።

አሁን ተማሪዎቼ ስለ ለስላሳና ስለ ጁስ ሲጠይቁኝ ያ ወጣት ሐኪም ለአባቴ የነገረውን እነግራቸዋለሁ። ቢያዘወትሩት እንደሚጎዳ አልደብቃቸውም። እናቴን አንድ ቀን እንዳተረፈልኝም አልደብቃቸውም።

ከዚያ በኋላ እናቴ ብዙ ዓመት ኖረች። ዓይኗ ደከም አለ እንጂ እግሯን አንድም ቀን አልቆሰለችም፤ ያም በአባቴ ነው። ሐኪሙ፣ «ቁስል ሳይሰማቸው ሊቆይ ስለሚችል እግራቸውን በየቀኑ እዩላቸው» ብሎን ነበር። በእኛ አገር ከእርሻ ሲገባ የባሏን እግር የምታጥብ ሚስት ናት። አባቴ ግን ማታ ማታ ከእራት በፊት ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዞ እሷ ፊት በርጩማ ላይ ይቀመጣል።

መጀመሪያ ሰሞን እግሯን ሰብስባ እምቢ አለችው። «ሰው ቢያይስ? ቄስ የሚስቱን እግር ሲያጥብ?»

«ጌታ የደቀ መዛሙርቱን አጥቦ የለም?»

«እሱ እኮ በዓመት አንዴ ነው የሚታሰበው።»

«አንቺስ በዓመት አንዴ ነው የምትራመጂው?» አላትና እግሯን ሳብ አድርጎ ውሃው ውስጥ አስገባው።

አንድ ምሽት አንድ ጎረቤት በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። እናቴ ልትነሳ ስትል አባቴ ቁርጭምጭሚቷን ይዞ አስቀራት። «ግባ፣ ተቀመጥ» አለው ሰውዬውን፣ ቀና ሳይል። ጣቶቿን አንድ በአንድ እያላቀቀ በመብራቱ ያይ ነበር። ሰውዬው መደቡ ላይ ተቀመጠና ስለ በርበሬው ችግኝ ማውራት ጀመረ። አባቴም እግሯን በጨርቅ እያደረቀ፣ «ዝናቡ ካላበላሸው ዘንድሮ መልካም ነው» አለው።