ሃያ ያልተነፈሱት ሰውዬ

ነርሷን እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት የለም፤ ክፍሉ በሙሉ «ቆጣሪ» ይላታል። የመብራት ቆጣሪ ማለታቸው ነው፦ ለማንም አያዳላ፣ ቢለማመጡት አይቀንስ።

ስሙን ያወጣላት የትንፋሽ ነገር ነው። የበሽተኛውን ሙቀት ቴርሞሜትር፣ የደም ግፊቱን መሣሪያው ይነግርሃል፤ ትንፋሽን ግን አጠገቡ ቆመህ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየህ መቁጠር ነው፤ አንዲት ሙሉ ደቂቃ። ደቂቃ ደግሞ ሥራ ለበዛበት ሰው ዓመት ናት። ስለዚህ የክፍሉ ሰው በዓይኑ ቃኘት ያደርግና «ሃያ» ብሎ ይጽፋል። ጤነኛውም ሃያ፣ የሚያቃስተውም ሃያ። «እዚህ ክፍል ውስጥ እኮ ሞቶም ሃያ የሚተነፍስ አይጠፋም!» ትላቸዋለች። ይስቃሉ፤ ሃያቸውን ግን አይተዉም። ምን ታድርጋቸው!

በሩ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ እግራቸው ተሰብሮ የተኙ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ወሬኛ ማለት ያንስባቸዋል፤ ወሬ የሚሰፋ ቢሆን ኖሮ አገር ባለበሱ። የሚያወራ ሰው ትንፋሽ ደግሞ አይቆጠርም። «ልቁጠርዎ» ካሏቸው ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ደረታቸውን ነፍተው ይኮፈሳሉ። ቆጣሪ ግን ዘዴ አላት፤ እጃቸውን ይዛ የልብ ምት የምትቆጥር ትመስላለች፣ ዓይኗ ደረታቸው ላይ ነው። «የልብ ምትዎ እየጠፋብኝ ነው፣ ዝም ይበሉልኝ ጋሼ» ስትላቸው ብቻ አፋቸውን ይይዛሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ተረኛ ሆና ስትገባ፣ «እንዴት አደሩ ጋሼ?» አለቻቸው።

«ደህና... እግዜር... ይመስገን።»

ይቺ ደህና የምትባል ቃል! ቤቱ የተቃጠለበትም ደህና፣ ጥርሱን ሲያመው ያደረውም ደህና። ቆጣሪ በዚች ቃል ተሸውዳ አታውቅም። ሽማግሌው የሙሽራ ቀሚስ አጥብበው ስለሰፉበት ቀን ትናንት የጀመሩላትን ጨዋታ ቀጠሉ። «ሙሽሪት... መጣችና... ዚፑ...» አሉና አረፉ። ትናንት ያንኑ ወሬ በአንድ ትንፋሽ ያወረዱት ሰውዬ ዛሬ በየቃሉ ይቆማሉ። ሳቃቸው እንኳ ግማሽ ላይ ተቆረጠ። ክው አለች።

እጃቸውን ይዛ ቆጠረች፤ ሠላሳ አራት። አላመነችምና ደገመችው፤ ያው ነው። የልባቸው ምትም ይጋልባል። ካርዱ ላይ የሌሊቱ ተረኛ የጻፈው ግን ሃያ ይላል።

ተረኛው ልጅ ቦርሳውን አንግቶ ሊወጣ ሲል ያዘችው። «አንተ፣ ቆጥረሃቸዋል?»

«ሙቀት የላቸው፣ ግፊታቸው ጥሩ። ሲያወሩ አይደል እንዴ ያመሹት! ደግሞ ጀመረሽ?»

«አዎ፣ ጀመረኝ!»

አልጋውን ከራስጌው ከፍ አድርጋ ኦክስጅን አደረገችላቸው፤ ልጁን «ከአጠገባቸው እንዳትነሳ!» ብላ ወደ ሐኪሙ በረረች። ሐኪሙ የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ በሽተኛ እያየ ነበር። «ስጨርስ እመጣለሁ» አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረፋው በዝቶበት ነው።

«አሁን ነው ዶክተር። እግራቸው ታስሮ የከረሙ ሰው ናቸው፤ ትንፋሻቸው በአንድ ሌሊት ቁርጥ ቁርጥ አለ። የረጋ ደም ሳንባቸው ገብቶ እንዳይሆን ፈርቻለሁ። እርስዎ ካልመጡ እኔ ከዚች አልነቃነቅም።» ሽንጧን ገትራ በሩ ላይ ቆመች። ሐኪሙ ፊቷን አየና በሽተኛውን ይቅርታ ጠይቆ ተነሳ።

የፈራችው አልቀረም፤ በምርመራው የረጋ ደም ሳንባቸው ውስጥ ተገኘ። መድኃኒቱ ወዲያው ተጀመረላቸው። የሌሊቱ ተረኛ ቦርሳውን እንዳነገተ ኮሪደሩ ላይ ቀረ፤ ቤቱ መሄድ አቃተው።

«ሃያ ብዬ ጻፍኩ እኮ» አላት፣ ዓይኗን ማየት ፈርቶ።

«ነገ ቁጠር» አለችው።

ሽማግሌው ሰንብተው ቀና ብለው መቀመጥ ቻሉ፤ አፋቸውም ተፈታ። ቆጣሪ ጠዋት ገብታ «እንዴት አደሩ ጋሼ?» ስትላቸው «ደህ...» ብለው ጀመሩና ዋጡት። እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን ዘረጉላት።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! ቁጠሪኝና ንገሪኝ።»

ሳትለምናቸው ዝም አሉ፤ አንዲት ሙሉ ደቂቃ። ቆጠረች። ሃያ ሆነ። በቁጥር የተገኘ፣ የእውነት ሃያ! ደስታው እንባዋን አመጣው።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ» አለች፣ ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች፤ «ደህና ነኝ።»