አስኳሉ ዳር ያሉት ነጠብጣቦች

ወልድያ ሶፍትዌር የምንጽፍ አምስት ሰዎች ነበርን፤ ሴት እኔ ብቻ። ያን ጊዜ የያዝነው ሥራ የአንድ የባዮሎጂ መምህር ነበር። መምህሩ የሽንኩርት ሥር ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ፎቶ እያነሡ፣ በሕዋሱ አስኳል (ኒውክለስ) ውስጥ በቀለም የደመቁት ነጠብጣቦች የት የት እንደሚቀመጡ ያጠናሉ። የእኔ ፕሮግራም የአስኳሉን ወሰን ይስላል፤ ነጠብጣቦቹንም ይለቅማል።

አንድ ሰኞ ስብሰባ ላይ፣ «ነጠብጣቦቹ ሁልጊዜ ወደ ዳር ነው የሚጠጉት» አልኩ።

«የኮድሽ ስሕተት ይሆናል፤ ተመልከቺው» አለኝ አለቃችን፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

በሳምንቱ መምህሩም በተገኙበት ስብሰባ ላይ፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ያንኑ ተናገረ። አለቃችን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይሄማ ትልቅ ነገር ነው!» መምህሩም ደስ ብሏቸው ማስታወሻ ያዙ።

ስንወጣ ልጁን አስቆምኩት። «እኔ ያልኩትን እኮ ነው ያልከው።»

«አዎ» አለ ተገርሞ። «አንቺ ስትይ የሰሙሽ አልመሰለኝም፤ ለዚያ ነው የደገምኩት።»

ልቆጣው ወይስ ላመስግነው አላወቅኩም።

በዚያው ሰሞን፣ ሶፍትዌር ሥራ ላይ ሴቶች ለምን ጥቂት እንደሆኑ የምታጠና ተመራማሪ መጠይቅ ሰጠችኝ። «ሴት በመሆንዎ ሐሳብዎ ሳይሰማ ቀርቶ ያውቃል?» ይላል። ወዲያው «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ። የምመልሰው ሰኞ ስለነበር ወረቀቱን ይዤ መርሳ ከተማ ወደ ቤተሰቦቼ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፔን ከፍቼ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በዓይኔ አየሁ። አስኳሉ እኔ ከሳልኩት ክብ ይሰፋል። ነጠብጣቦቹ ዳር አልነበሩም፤ ፕሮግራሜ ነው ወሰኑን ያጠበበው።

አባዬ ፊቴን አይቶ፣ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። ነገርኩት።

«እና ሰውየው ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር። ግን ኮዱን አላየውም።»

«ታዲያ በምን አወቀ?»

«አላወቀም፣ አባዬ።»

እሱም ግራ ገባው። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለኝና የጓሮውን ሽንኩርት ሊያጠጣ ወጣ።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ስሕተቴን ተናገርኩ። «ብዬሽ አልነበር!» አለ አለቃችን። «ትልቅ ነገር ነው» ያለውን ማንም አላነሣበትም። መምህሩ ብቻ፣ «እንኳን አሁን አየሽው፤ ጥናቴ ውስጥ ጽፌው ቢሆን ኖሮ!» አሉኝ።

መጠይቁ ላይ «አዎ»ን ሰርዤ «አያውቅም» ላይ ምልክት አደረግሁ። እሱንም ሰረዝኩት። መጨረሻ ላይ የሆነውን ሁሉ ከጀርባው ጻፍኩት። ወረቀቱን ልትወስድ የመጣችው ተመራማሪ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አሁን ይሄን የት ላስገባው?» አለችኝ።

«እኔም እሱን ልጠይቅሽ ነበር» አልኳት።