የኤዶ የወተት ዕቃ

ጅጅጋ የገባነው ከሶማሌው ጦርነት በኋላ ነው። ባለቤቴ ሻምበል ነበር። የመጀመሪያ ልጄ በተቅማጥ ስለሞተችብኝ፣ ሁለተኛውን ሳሳድግ የማልፈራው ነገር አልነበረም። ወተት የምታመጣልን በሐርተሼክ መንገድ ካለ መንደር በእግሯ የምትመጣ ሶማሌ ሴት ነበረች። ልጄ አፉን ሲፈታ ኤዶ ይላት ጀመር፤ በእነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው። እኔም በዚያው ኤዶ አልኳት፤ እሷ ደግሞ አባዮ ትለኝ ነበር፣ እህቴ እንደማለት።

ሁለት የእንጨት ዕቃ ነበራት። አንዱን ሞልታ ታመጣለች፣ የትናንቱን ባዶ ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህ ሁልጊዜ አንዱ እኔ ቤት ያድራል። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጤና ጣቢያ እንደነገሩኝ ዕቃዋን በሳሙናና በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው።

«አባዮ፣ ይሄን ምን አደረግሽው?»

«አጠብኩት፤ ለልጁ ፈርቼ።»

«እኛ በፍም ነው የምናጥነው። ባጠብሽበት ውሃ ሦስት ፍየል ይጠጣ ነበር።» ከዚያ ሳቀች። «የሻምበል ሚስት፣ ውሃ የተረፈሽ።»

ከዚያ ወዲህ ባየችኝ ቁጥር ‹ዛሬስ አጥበሽዋል?› እያለች ትስቅብኝ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ቀኔ በዚያ ሳቅ ይጀምር ነበር።

አንድ በጋ ባለቤቴ ለዘመቻ ወጥቶ በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። ሌላ ጊዜ መጀመሪያ ልጁን ነው የሚያነሳው። ያን ቀን ደፍ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን ልፈታለት ስንበረከክ ማሰሪያው ሁሉ የሲሚንቶ ብናኝ ለብሷል። ወተት ቀዳሁለት።

«ይቺ ሴትዮ ከየት ነው የምትመጣው?» አለኝ። እስከዚያ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። የመንደሩን ስም ነገርኩት። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ቢርካቸውን አፍርሰነዋል።»

ቢርካ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተሠራ ጉድጓድ ነው። መንደሩ በጋውን የሚያልፈው በእሱ ነው።

«ዛሬ ጠዋት እኮ እዚህ ነበረች» አልኩ።

«እሷ ከወጣች በኋላ ይሆናል።»

«ማን አዘዘ?»

«ከላይ መጣ። ወታደሮቹን ያዘዝኩ ግን እኔ ነኝ። ሽፍታ ያጠጣሉ ተባለ።» ብርጭቆውን በጣቱ ገፋ አድርጎ፣ «ሽፍታ አላየሁም። ሴቶች ነው ያየሁት» አለ።

በማግስቱ አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን። ዕቃዋ ቤቴ ነበር። ወተቱ ሲበላሽ ደፋሁትና፣ እንደ እሷ ፍም ከትቼ አጠንኩት። በየጠዋቱ አጥኜ በሩ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ናፍቃኛለች። ግን በሩ ሲንኳኳ ደግሞ ልጄን አንስቼ እይዛለሁ፤ ማን እንዳፈረሰው ከሰማች ልጄን ትረግምብኛለች ብዬ። የተበደለ ሰው እርግማን መሬት አይወድቅም ሲባል ነው ያደግሁት።

በሳምንቱ መጣች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ዕቃዋን አንስቼ ሰጠኋት፤ አሸተተችው፤ አልሳቀችም።

«አባዮ፣ ውሃ ሙይልኝ» አለች።

«በዚህ?»

«በዚህ።»

እኔ ሳልንቀሳቀስ ባለቤቴ ከጓዳ ወጣ። ዕቃውን ከእጇ ተቀበለና ከበርሜሉ እየቀዳ አፉ ድረስ ሞላው። በሁለት እጁ ሲሰጣት ሊናገር ከንፈሩን ሲያላቅቅ አየሁ። ልጄን ወደ ቀሚሴ አስጠጋሁ። በልቤ ይናገርና ይገላገል እላለሁ፣ ዝም በል እያልኩም እለምነዋለሁ። ዝም አለ።

«አላህ ልጅህን ያሳድግልህ» አለችው። ዕቃውን በጀርባዋ አዝላ ሄደች። ቢርካውን ማን እንዳፈረሰው ታውቅ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ዳግመኛ አላየኋትም።

ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ወተት አልጠጣም። ሥራውን ግን አልተወም፤ መንግሥት እስኪወድቅ ድረስ በየወሩ ዘመቻ ይወጣ ነበር፤ እኔም ጫማውን እፈታ ነበር። ኋላ ወደ ወላጆቼ ከተማ ስንመለስ ዝምተኛ ሽማግሌ ሆነ። ጠዋት የግቢ በር ሲንኳኳ ሁለታችንም እኩል ቀና እንላለን። አንድ ቀን፣ «መልሰው ሠርተውት ይሆን?» አለኝ። ምኑን ብዬ አልጠየቅሁትም። «ይሆናል» አልኩት።

እሱ ካረፈ ቆየ። ልጄ ቁመቱ ከአባቱ በልጧል፤ የኤዶ ምርቃት ደርሷል። ይህን እንዳልነግራት ግን እሷን አጣኋት። በር ሲንኳኳ አሁንም ቀና እላለሁ።