«ተከትቧል» ያልሁት ቀን

ይህን ነገር ለሰው ተንፍሼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ «አባ፣ ዋሽቻለሁ» ብዬ ግማሹን ነግሬ፣ ለውሸት የሚገባውን ስግደት ተቀብዬ ወጣሁ። ውሸቱ ምን እንዳደረሰ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርሁ። እናንተ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ እስቴ ገጠር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሰብስበውን የእብድ ውሻ በሽታ ገብቷል፣ ውሻ ያለው ሁሉ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወስዶ ያስከትብ፣ ያላስከተበ ውሻው ይገደላል፣ ሰው ከነከሰበትም ባለቤቱ ይታሰራል አሉ። እኔ መከታ የሚባል ውሻ ነበረኝ፤ በጎቼን ከጅብ የሚጠብቅልኝ እሱ ነው። ግን አጨዳ ደርሷል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ መርፌውም ክፍያ አለው። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ባይ፣ ረከስ ያለ መላ ፈለግሁ። አንዲት ቄብ ዶሮ ይዤ ደብተራ ዘንድ ሄድሁና ለጥጃ ነው ብዬ ክታብ አስጻፍሁ። በቆዳ ሰፍቼ መከታ አንገት ላይ አሰርሁት። ሊቀመንበሩ ሲጠይቁኝ ተከትቧል አልኋቸው። ደብተራም ሲጽፍ ከተበ ነው፣ ሐኪምም ሲወጋ ከተበ ነው። በዚህች ቃል ስንት ቀን ለብቻዬ ሳቅሁ።

ጥር ላይ መከታ ጠባዩ ተለወጠ። ጎተራ ሥር ተወሽቆ እህል ውሃ እምቢ አለ፤ ለሃጩ ይዝረበረባል። አየሁ፤ አላሰርሁትም። በማግስቱ የወንፈል ጓደኛዬን አበጀን ባቱ ላይ ነከሰው። አበጀ ለሕክምና ደብረ ታቦር ሊሄድ ተነሥቶ፣ መጀመሪያ እኔ ዘንድ መጣ።

«በል እውነቱን ንገረኝ፤ ውሻህ ተከትቧል?»

«ተከትቧል» አልሁት።

ዓይኑን እያየሁ አልሁት። አብረን አርሰን አብረን ያጨድን ሰዎች፣ እኔን ካላመነ ማንን ሊያምን ነው? ተመስገን ብሎ ቁስሉን በፌጦ አሽቶ ወደ አውድማው ተመለሰ።

መከታ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ገደል ሥር ቀበርሁትና ጅብ በላው ብዬ አወራሁ። ያን ዕለት እንኳ ለምን ሮጬ ለአበጀ አልነገርሁትም? ለሕክምናው ገና ጊዜ ነበረው። እስሩን ፈራሁ። ቁስሉ ሲጠግግ እያየሁ፣ ይኸው ክታቡ ሠራ እያልሁ ራሴን ደለልሁ።

ሁዳዴ ሲገባ አበጀ ባቴን ይበላኛል አለ። ከዚያ ሚስቱ የሻረግ በቅል ውሃ ብታቀርብለት ጉሮሮው ተናንቆ ከመደቡ ወደቀ። ሰው ሁሉ ጋኔን ነው አለ፤ በቃሬዛ ጠበል ወሰድነው። የቃሬዛውን አንድ ጫፍ የያዝሁ እኔ ነኝ። የጠበሉን ፏፏታ ገና ከሩቅ ሲሰማ የጮኸውን ጩኸት እኔ ነኝ የማውቀው። ውሃ የሚፈራው ለምን እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። እኔም ጋኔን ነው አልሁ። ቤቱ ሳንመልሰው መንገድ ላይ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ የየሻረግን መሬት ያለ ድርሻ አረስሁላት። አንተ ባትኖር ልጆቼን በምን አሳድግ ነበር፣ እግዜር ይስጥህ ትለኛለች። አሜን እላለሁ። ልነግራት ስንት ጊዜ ደጇ ደርሼ ተመለስሁ። ይቅር በይኝ ከማለቴ በፊት ገደልሁት ማለት አለብኝ፤ ያች ቃል ከአፌ አልወጣ አለችኝ። በውሻው እንዳላመካኝ፣ ውሻው ታሞ ነበር። በመንግሥት እንዳላመካኝ፣ አስከትብ ብሎኛል። እኔ ነኝ፤ አበጀን እኔ ገደልሁት። ለእናንተ ነገርኋችሁ፤ ለእሷ ግን ዛሬም አልነገርኋትም።